ጎበዜ አልጋዬ ስር የገባ ሰሞን

እባብ እፈራለሁ፣ መብረቅ እፈራለሁ፣ ባለቤቴ ስልክ እያወራ መኪና ሲነዳም እፈራለሁ። ወፍ ግን ፈርቼ አላውቅም ነበር። ያውም ጎበዜን! አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆኜ ሳጠና ጠረጴዛዬ ላይ ቆሞ እርሳሴን በአንድ ንክሻ ለሁለት ሲቆርጠው እስቅ የነበርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ያ እርሳስ ትዝ ሲለኝ አልስቅም።

አራስ ያላችሁ፣ ልትወልዱ የተቃረባችሁ፣ ወይም ቤታችሁ ውስጥ በቀቀን ያላችሁ ከሆናችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው የምጽፈው። ሌላውም አንባቢ ቢሆን እስከ መጨረሻው ይታገሰኝ።

ያኔ ጳውሎስ አካባቢ ባለ አንድ ፋርማሲ እሠራ ነበር። ቀኑን ሙሉ ስለ ሆርሞን ሳወራ የምውል ሰው ነኝ። የወሊድ መቆጣጠሪያ ልትገዛ ለመጣች ሴት ሁሉ «ይሄኛው ትንሽ ሊያነጫንጭሽ ይችላል» እያልኩ እመክራለሁ። የመጀመሪያ ልጄን በነሐሴ ማብቂያ ወለድኩ። የባለቤቴ ሥራ ሐዋሳ ስለሆነ፣ እንደ ወጉም፣ ለአራስነቱ እናቴ ቤት ገባሁ። ቤታችን ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲወጣ፣ ጉለሌ ነው።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ሾፌር ነበር። ሰዎቹ አገር ለቀው ሲሄዱ በቀቀናቸውን ለእሱ ተዉለት። አመድማ ነው፤ ምንቃሩ ጥቁር፣ ጅራቱ ቀይ። ወንድ ነው ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም። ግን ብዙም ሳይቆይ የአባቴን ጎርናና ድምፅ ስለያዘ ወንድ አደረግነውና ጎበዜ አልነው። በር ሲንኳኳ ከአባቴ ቀድሞ «ማነው?» የሚለው እሱ ነው።

እናቴ አራስ መጠየቅም ማረስም ታውቅበታለች። ብርድም ዓይንም እንዳይገባ የክፍሌን መጋረጃ ዘጋችው። ክፍሉ ሙቅና ጨለም ያለ ሆነ። ጠዋት ማታ ገንፎ ነው፤ ያውም በቅቤ የራሰ፣ በእጇ እያጎረሰችኝ። «አራስ እጇን አታነሳም» ትላለች። ሳሎኑ በጠያቂ ሲሞላ ጎበዜ የገባውን ሰው ሁሉ «ማነው? ማነው?» እያለ ስላስቸገረ፣ አባቴ የሽቦ ቤቱን እንዳለ አንሥቶ እኔ ክፍል አመጣው።

«ያጫውትሻል» አለኝ። «ጀርባውን እንዲህ ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ስትዳብሺው ደስ ይለዋል።»

አጫወተኝም። እናቴ ለእኔ ስታጎርስ ለእሱም ትንሽ ትቆርስለታለች፤ «ያየ ዓይን ይጎመጃል፣ እሱም ነፍስ ነው» እያለች። ኋላ ኋላ ማጉረሱንም መዳበሱንም እኔ ያዝኩት። ልጄ ሲተኛ ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ?

መጀመሪያ ፍቅር መሰለን። ትከሻዬ ላይ ወጥቶ አንገቱን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ያደርግና የበላውን ገንፎ መልሶ መዳፌ ላይ ይተፋልኛል። እናቴ «ሆዱን አሞት ነው» ብላ ገንፎውን የበለጠ አለሰለሰችለት። ቀጥሎ ከሽቦ ቤቱ እየወጣ አልጋዬ ስር መግባት ጀመረ። እዚያ የልጁ ዳይፐር የመጣበት ትልቅ ካርቶን ነበር። ውስጡ ገብቶ ሲቦጫጭቀው ይውላል። ልጄን ሳጠባ ያ የመቦጫጨቅ ድምፅ ከስሬ አይቋረጥም ነበር።

ከዚያ ማጉረምረም መጣ። በቀቀን እንደ ውሻ እንደሚያጉረመርም ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም ነበር። እግሬን ከአልጋ ላወርድ ስል ከታች «ግርርር» ይላል። ትንሽ ቆይቶ በአባቴ ድምፅ «ማነው?» ይላል። አባቴ ደግሞ በዚያ ሰዓት ቤት የለም። እግሬን መልሼ እሰበስባለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ልጄን ታቅፌ ሸለብ እንዳደረገኝ ለቅሶው ቀሰቀሰኝ። ዝቅ ብዬ ሳየው ተኝቷል፤ አፉ ግጥም ብሏል። ለቅሶው የሚመጣው ከአልጋው ስር ነው። ትንፋሽ እየሳበ፣ መሃል ላይ እየተቆራረጠ፣ ልክ እንደ ልጄ። ከዚያ ለቅሶው ቆመና በእናቴ ድምፅ «እሹሩሩ፣ እሹሩሩ» አለ። ራሱ አልቅሶ ራሱ አባበለ። ፀጉሬ ቆመ።

የዕድሜ ልክ ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ሊጠይቁኝ መጥተው ይህንኑ ሰሙ። ልጁን ሊታቀፉ እጃቸውን ሲዘረጉ ጎበዜ ከአልጋው ስር ወጥቶ በነጠላቸው ጫፍ ላይ ተንጠለጠለ። በስንት መከራ አላቀቅነው።

«ይሄ ነገር ወፍ ብቻ አይመስለኝም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ባለበት ቤት፣ አልጋ ስር ሆኖ የሚያለቅስ ነገር... እኔስ አልወደድኩትም፣ ልጄ።»

«እትዬ፣ ድምፅ መቅዳት እኮ ሥራው ነው።»

«ድምፁን ይቅዳ። ዓይኑን አይተሽዋል?»

አይቼዋለሁ። የዓይኑ ብሌን ነጥብ እስኪሆን ይጠብና መልሶ ይሰፋል፤ ይጠብና ይሰፋል። እንዲህ የሚሆነው ደግሞ ልጄን ሲያይ ነው።

እናቴ ጸበል አምጥታ ክፍሉን ረጨች። እኛ ይጮሃል ብለን ስንጠብቅ ጎበዜ ክንፉን ዘርግቶ በደስታ ታጠበ። ስለዚህ በየቀኑ ትረጭ ጀመር። በረጨች ቁጥር ባሰበት። አባቴ «ወፌን ሰይጣን አደረጋችሁት!» ብሎ ተቆጥቶ ወደ ሳሎን ሊመልሰው እጁን ወደ ካርቶኑ ሰደደ። ወዲያው መልሶ ሳበና ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከኪሱ ላይ ደም ሲወጣ አየሁ። ያ ወፍ አባቴን ነክሶ አያውቅም።

«አባዬ፣ ከዚህ ክፍል ይውጣልኝ» አልኩት።

«በረንዳው ላይ ቦታ እሠራለታለሁ። መስቀል ሳይደርስ እጨርሳለሁ» አለ። ፊቱ ግን ደንግጧል።

በረንዳው ሳይሠራ ያ ቀን መጣ። ዝናቡ አልፎ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። አባቴ ለቅሶ ሄደ። እናቴ ለክርስትናው የሚሆን ዕቃ ልትገዛ አዲሱ ገበያ ወረደች። አራስ ብቻዋን አትተውም ተብሎ እትዬ ዘውዴ መጥተው ሊቀመጡ ተስማምተዋል፤ ግን «መጣሁ» እንዳሉ ቀሩ። ልጄ ጠብቶ አልጋው መሃል ላይ ተኛ። ጎበዜን በገንፎ አባብዬ የሽቦ ቤቱ ውስጥ አስገባሁትና መቀርቀሪያውን ወረወርኩ። ከዚያ ቶሎ ታጥቤ ልመለስ ብዬ መታጠቢያ ቤት ገባሁ።

ፀጉሬን ሳሙና እንደቀባሁ ለቅሶ ሰማሁ። ጎበዜ ነው አልኩ። ስንት ቀን ሲያታልለኝ ከርሟል! ለቅሶው ቀጠለ።

«ጎበዜ፣ ዝም በል!» ብዬ ጮህኩ።

ለቅሶው ከረረ። ውሃውን ዘግቼ ጆሮዬን አቆምኩ። ያኔ ነው ማጉረምረሙ የተሰማኝ። ለቅሶውና ማጉረምረሙ አንድ ላይ ነበሩ፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ። የወፍ አፍ ደግሞ አንድ ነው። ከነሳሙናዬ ፎጣ ጠቅልዬ እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም።

የሽቦ ቤቱ በር ተከፍቷል፤ መቀርቀሪያውን በምንቃሩ ስቦታል። ጎበዜ በአልጋ ልብሱ ላይ ተንጠላጥሎ ወጥቶ የልጄ ራስጌ ቆሟል። ክንፎቹን ወደ ጎን ዘርግቷል፤ የአንገቱ ላባ በሙሉ ቆሟል። ምንቃሩ ከልጄ ዓይን በላይ ነው። የልጄ ፊት ግማሹ ደም ነው።

ልጮህ አፌን ስከፍት ወፉ አንገቱን ወደ ልጄ ዝቅ አደረገ። አፌን ዘጋሁ። አንድ እርምጃ ስራመድ አሁንም ዝቅ አለ። ቆምኩ። እርሳሱ ትዝ ያለኝ እዚያ ላይ ነው። ብሮጥ ይቀድመኛል። ብቆም ደግሞ ልጄ ጭንቅላቱን እያወዛወዘ ነው፤ ራሱ ሄዶ ምንቃሩን ሊነካው ነው። አምላኬን ስጠራ እንኳ ከንፈሬን አላንቀሳቀስኩም።

ከአልጋው አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ላይ የተረፈ ገንፎ ነበር። በቀስታ ተንበረከክሁና በጣቶቼ ቆረስኩ።

«ጎቤ... ና የኔ ጌታ። ና ላጉርስህ» አልኩት።

አየኝ። ብሌኑ ጠበበ፣ ሰፋ። በእናቴ ድምፅ «እሹሩሩ» አለ። ልጄ አለቀሰ፤ ወፉ መልሶ ወደ እሱ ዞረ።

«ጎቤ፣ እኔን እየኝ። ና፣ ና...»

አንድ እግሩን ከትራሱ አነሣ። ከዚያ ሌላውን። አንገቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ ልክ እንደዚያ ሰሞን፣ ቀስ እያለ በአልጋ ልብሱ ላይ ወደ እኔ መጣ። ከጣቶቼ ላይ ሲጎርስ በግራ እጄ አልጋው ጫፍ ላይ የነበረውን የእናቴን ጋቢ ስቤ ደፋሁበትና ጨመደድኩት። በጋቢው ውስጥ አውራ ጣቴን ነከሰኝ፤ አጥንቴ ጋ ሲደርስ ተሰማኝ። አልለቀቅሁትም። ከነጋቢው ወለሉ ላይ ወርውሬ ልጄን አንሥቼ ወጣሁና በሩን ከውጭ ዘጋሁት።

እናቴ ዘንቢሏን ይዛ ከግቢው በር ስትገባ፣ እኔ በፎጣና በሳሙና፣ ልጄን ታቅፌ በረንዳው ላይ ነበርኩ። ደሙን እጠርጋለሁ፤ መልሶ ይመጣል። የእኔ ጣት ደም ከእሱ ጋር ስለተቀላቀለ የማን እንደሆነ አልለይም። ዓይኑን ጨፍኗል። ዓይኑ ይኑር አይኑር አላውቅም።

«ምን ሆነ? ልጄ ምን ሆነብሽ?»

«እማዬ ታክሲ! ታክሲ ጥሪ!» ከማለት ሌላ አልወጣኝም።

እናቴ ቀሚስ በላዬ ላይ ጣል አደረገችብኝ። ባገኘነው ላዳ ቁልቁል ወርደን አንድ ክሊኒክ ገባን። ሐኪሙ ወጣት ነው። ልጄን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ጥጥ አራሰ። እኔን «ውጭ ጠብቂ» አለኝ፤ አልወጣም አልኩት። የደረቀውን ደም በእርጋታ ጠረገ፤ በሁለት ጣቱ የዓይኑን ቆብ ወደ ላይ ሊገልጥ ሲል እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ግን አየሁ። ጥቁር፣ እርጥብ፣ ሙሉ ዓይን። አየኝ።

«ዓይኑ ደህና ነው» አለ ሐኪሙ። «የተቆረጠው ቅንድቡ ነው። ትንሽ ዝቅ ቢል ኖሮ ግን...» ብሎ ተወው። ቅንድቡን ሰፋለት፣ የእኔንም ጣት ሰፋ። ወለሉ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ስንመለስ አባቴ ከለቅሶው ደርሷል። እትዬ ዘውዴም አሉ። አባቴ ጋቢውን ከነወፉ ታቅፎ ግቢው መሃል ቆሟል።

«ልጁስ?» አለ።

«ዓይኑ ተርፏል» አለች እናቴ።

አባቴ እኔን አየኝ። «ምን ላድርገው?»

«ግደለው» አልኩ።

ማንም አልተከራከረኝም። አባቴ ጋቢውን ይዞ ወደ ቤቱ ኋላ ሄደ። ጠበቅን። እትዬ ዘውዴ ያማትባሉ። ምንም ድምፅ የለም። ቆይቶም የለም። ልጄን ለእናቴ ሰጥቼ ሄድኩ። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ የጎበዜ ጭንቅላት ከጋቢው ወጥቷል። የአባቴ ጣቶች አንገቱ ላይ ናቸው። አልተጫኑም።

«አባዬ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

«እይው እስቲ» አለኝ። «እያማጠ ይመስላል።»

ወፉ አፉን ከፍቶ ያለከልካል፤ ጅራቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ዓይኑ አሁን እኔን አያይም፣ ማንንም አያይም። ያንን ዓይን አውቀዋለሁ፤ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ እኔም ማንንም አላየሁም ነበር። አባቴ ድንገት «ኧረ!» አለና እጁን ከስር አደረገ። ሲዘረጋው መዳፉ ውስጥ ነጭ፣ ገና ትኩስ እንቁላል ነበር።

አባቴ «ጎበዜ ሴት ነው እንዴ?» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። ውሸት አልናገርም፣ ያን ጊዜ አላዘንኩላትም። ግን ግደላት ብዬ አልደገምኩም።

አባቴ የሽቦ ቤቱን በረንዳው ላይ አውጥቶ እዚያ አስገባት። እናቴ ካርቶኑን ከአልጋዬ ስር ጎትታ ስታወጣ፣ በተቦጫጨቀው መሃል ሌላ እንቁላል ተገኘ። ለካ ስንት ሌሊት በላዩ ተኝቻለሁ!

በማግስቱ የሥራ ባልደረባዬ የምታውቃት የእንስሳት ሐኪም፣ ዶክተር ሄለን፣ መጣች። የምታክመው ብዙውን ጊዜ ውሻ ነው፤ በቀቀንም ግን አይታ ታውቃለች። ወፏን አየች፣ ክፍሌን አየች፣ ከዚያ ትጠይቀኝ ጀመር።

«ማን ነው የሚያበላት?»

«እኔ። አጎርሳታለሁ።»

«ምን?»

«ትኩስ ገንፎ።»

«ስትዳብሻትስ የት የት ነው?»

«ጀርባዋን፣ እስከ ጅራቷ።»

«ይሄ መጋረጃ ሁልጊዜ ዝግ ነው?»

«የአራስ ቤት እኮ ነው፣ ዶክተር።»

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እንግዲህ ወፏንም አራስ አድርጋችኋታል» አለች። «በቀቀን የሚፈለፍለው የዛፍ ግንድ ላይ ባለ ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ነው። ባልና ሚስት ሲሆኑ ይጎራረሳሉ። ጀርባዋን የሚነካትም ባሏ ብቻ ነው። ሙቀት፣ ለስላሳ ምግብ፣ የምትቦጫጭቀው ካርቶን፣ ሁሉንም ሰጣችኋት። ወቅቷ ነው ብላ ተነሣች።»

«ያለ ወንድ?» አለች እናቴ።

«አውራ የሌላት ዶሮ እንቁላል አትጥልም እንዴ፣ እማማ? አይፈለፈልም እንጂ ትጥላለች።»

«ጸበሉስ?»

«ጸበሉ ምንም አላጠፋም። ለእሷ ግን ዝናብ መሰላት፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ የመውለጃ ጊዜ ነው ትላለች።»

«ልጄስ ምን አድርጓት ነው?» አልኩ። ቁጣዬ አልበረደም።

«ጎጆዋ ላይ የመጣ የሌላ ጫጩት ነዋ! በዚያ ላይ አንቺ፣ ባሏ፣ ቀኑን ሙሉ እሱን ታቅፈሽ ስትመግቢ ታያለች።»

«እኔ ባሏ?» አልኩ። ከወለድኩ ወዲህ እናቴ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ያዘዘችን መድኃኒት አልነበረም። እንቁላሎቹን አትንኩባት፣ ከወሰዳችሁባት ሌላ ትጥላለች፤ ሰልችቷት እስክትተዋቸው ሽቦ ቤቷ ውስጥ ይቀመጡ አለች። ቀን ብርሃን ታግኝ፣ ማታ በጊዜ ተሸፍና ሳትረበሽ ትተኛ። ትኩስና ለስላሳ ነገር የለም፤ ጎመንና ካሮት ከራሷ ዕቃ ትብላ። ካርቶን፣ ቁምሳጥን፣ አልጋ ስር አይታሰብም። የምትነካው ጭንቅላቷን ብቻ ነው። ሕፃን ያለበት ክፍል ደግሞ ጨርሶ አትገባም። አባቴ እንደ ተማሪ ቆሞ አዳመጠ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንቁላሎቹን ትታ ከላያቸው ወረደች። ማጉረምረሙ ቆመ። የልጄ ክርስትናም በሰላም ተነሣ።

አንባቢዎቼ፣ ያ ቀን ምን ለወጠብሽ ብትሉኝ፣ ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። እኛ ለዚያች ወፍ ሁለት ስም ብቻ ነበረን። ስትተፋልን ፍቅር አልነው፣ ስታጉረመርም ሰይጣን አልነው። እኛ ራሳችን ምን እያደረግንባት እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ ስለ ሆርሞን ሳወራ የምውለው እኔ እንኳ አልጠየቅሁም። ዛሬ ፋርማሲው ውስጥ አንድ ባል መጥቶ «ሚስቴ ከወለደች ወዲህ ተለወጠች፣ ሰው አላስጠጋ አለች» ሲለኝ ቫይታሚን ሰጥቼ አልሸኘውም። ማን አብሯት ይውላል? እንቅልፍ ታገኛለች? መጋረጃውስ ይከፈታል? እያልኩ አደርቀዋለሁ። እኔም በዚያ ሰሞን እትዬ ዘውዴ ልጄን ሊታቀፉ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ጎበዜ ባትቀድመኝ ኖሮ እኔ እነክሳቸው ነበር። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ፍርሃቱ ግን አልወጣልኝም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ወፏ ወለሉን መጫር ስትጀምርና ብሌኗ ሲጠብና ሲሰፋ ሳይ፣ የልጄን ቅንድብ እዳብሳለሁ። ጠባሳው ላይ ፀጉር አልበቀለም።

አምና ሁለተኛዋን ልጄን ልወልድ ስቃረብ እናቴ ያንኑ ክፍል አሰናዳች። መጋረጃው ተከፍቶ ይቆያል አልኳት፤ ብዙ ተከራክራ ተስማማች። ስለ ጎበዜ ግን ምን እንደምል ጨነቀኝ። አባቴ አርጅቷል፣ ቀኑን የሚያሳልፈው ከእሷ ጋር ነው። ስጡልኝ ልበል? እንዴት ብዬ? ነገሩን በልቤ እንዳመላለስኩ ከሐኪም ቤት ስመለስ፣ አባቴ ካፖርቱን ለብሶ፣ የሽቦ ቤቱን በነጠላ ሸፍኖ፣ አንዲት ትንሽ ሻንጣ ይዞ በሩ ላይ አገኘሁት።

«ወዴት ነው፣ አባዬ?»

«ሽሮ ሜዳ፣ እህቴ ቤት። ልጅቷ ተወልዳ ክርስትና እስክትነሣ እዚያው እንቆያለን።» ቀና ብሎም አላየኝም። «አንድ ቤት ሁለት አራስ አይችልም።»

ልከራከረው አፌ ላይ መጣ። በሩ ላይ የቆመውን የልጄን ቅንድብ ሳይ ተውኩት። አባቴ የሽቦ ቤቱን በሁለት እጁ ታቅፎ፣ እንዳትናወጥበት እግሩን እየመረጠ፣ ቁልቁል ወደ ታክሲው ወረደ። ጥግ ሊታጠፍ ሲል ሳላስበው ጮህኩ።

«አባዬ! ትኩስ ነገር እንዳትሰጣት!»

«አንቺም ቀሚስሽን ደርቢ፣ ብርድ ነው!» አለኝና ታጠፈ።